ከ‹ጀጀብ› እስከ ኳተርኒየን፦ የሶማልኛ የሒሳብ ስያሜዎች ታሪክና የረቂቅ ሐሳብ ትምህርት በሐርጌሳ

አጠቃሎ

ሶማልኛ የመደበኛ ትምህርት ቋንቋ የሆነው በ1972 የጽሕፈት ሥርዓቱ ከተወሰነለት በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ለሒሳብ ትምህርት የተበጁት የሶማልኛ ስያሜዎች እንዴት እንደተፈጠሩና በሐርጌሳ ትምህርት ቤቶች ምን ዕጣ እንደገጠማቸው ይመረምራል። መፈተኛ አድርጎ የሚወስደውም ኳተርኒየን የተባለውን ባለ አራት ክፍል ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ለፈልሳፊውም ሆነ ከእርሱ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች አስቸጋሪ እንደነበር በሚገባ ተመዝግቧል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ረቂቅ ሒሳብ ለተማሪው የሚከብደው የአፍ መፍቻ ቋንቋው ቃል ስለሌለው አይደለም። ጥሩ ስያሜ የመጀመሪያውን ደረጃ ያሻግራል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ተማሪው የቃሉን ሥዕል ቀስ በቀስ እየተወ ሕጉን እንዲጨብጥ የሚያደርግ፣ በአንድ ቋንቋ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ማብራሪያና ውይይት ነው። በሐርጌሳ የተቋረጠው ይኸው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ማሕሙድ ሃይቤ ከሐርጌሳ ከተማ ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚህ ወረዳ የሚያድግ ልጅ ከቁጥር ጋር የሚተዋወቀው በሦስት ቋንቋዎች ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤት ከእንጨት ሰሌዳው ላይ የዐረብኛን ፊደል ይለያል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደመርንና መቀነስን፣ ክፍልፋይንና እኩልታን በሶማልኛ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ የሒሳብ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ፣ የሚያብራራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሶማልኛ ነው።

ቋንቋው የሚለወጥበት ደረጃ ትምህርቱም ባሕርዩን የሚለውጥበት ደረጃ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እስከዚያ ድረስ ቁጥር የሚቆጠር፣ የሚመዘን ወይም የሚከፈል ነገርን ይወክላል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከተለዋዋጭ መጠኖች፣ ከቬክተሮች፣ አልፎም ምናባዊ ከተባሉ ቁጥሮች ጋር ይገናኛል። በመሆኑም ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል፤ አንዱ የሐሳቡ መርቀቅ፣ ሌላው የቋንቋው ባዕድነት። ተማሪው ሲሳሳት ከሁለቱ የትኛው እንዳሰናከለው መለየት ለመምህሩም ለራሱም አዳጋች ይሆናል።

ይህ ሁኔታ ለኢትዮጵያ የቋንቋ አጥኚዎች እንግዳ አይደለም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛም ሆነ በሶማሌ ክልል በሶማልኛ ሒሳብ የጀመረ ልጅ በተመሳሳይ መታጠፊያ ላይ ቋንቋ ይለውጣል። የሐርጌሳው ታሪክ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ሶማልኛ በአንድ ወቅት ያንን መታጠፊያ አልፎ ነበር። ምን ያህል እንደሄደና ለምን እንደተመለሰ መመርመሩ ለሌሎቹም ቋንቋዎች ትምህርት ይሆናል።

2. ከጽሕፈት በፊት የነበረው ዕውቀት

የሶማሌ አርብቶ አደር ኅብረተሰብ ጽሕፈት ሳይኖረው የዳበረ የዘመን ስሌት ነበረው። ሙሴ ሐጂ ኢስማኢል ገላል በ1968 በሞቃዲሾ ባሳተመው ጥናት ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ዘመን አቆጣጠር ያሉትን ሶማልኛ ስያሜዎች ሰብስቧል። ከዳብሺድ በዓል ተነሥቶ የሚቆጠረው 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት፣ ከእስልምናው የጨረቃ ዓመት ጎን ለጎን በሥራ ላይ ይውል ነበር። ዝናብ መቼ እንደሚጠበቅና መንጋው ወዴት እንደሚነዳ የሚወስን ሰው ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችን እያነጻጸረ ያሰላ ነበር ማለት ነው።

ቋንቋውን ለመጻፍ የተደረጉት ሙከራዎችም ቁጥርን አልዘነጉም። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው የዑስማንያ ፊደል የራሱ አሃዞች ነበሩት። በ1933 ደግሞ በቦረማ አካባቢ ሌላ የሶማልኛ ፊደል ተፈጥሯል። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረው ሰሜናዊ ክፍል ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ሶማልኛን በላቲን ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ለማስገባት የታሰበው ዕቅድ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ብዙዎች የላቲንን ፊደል ከሃይማኖት ለውጥ ጋር አያይዘው ይፈሩት ነበር። ስለዚህ ሒሳብ ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝኛና የዐረብኛ ትምህርት ሆኖ ቆየ።

ሐርጌሳ ለሶማልኛ ስያሜ ፈጠራ ያደረገችው አስተዋጽኦ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ የተጀመረ ነው። በ1943 በከተማዋ የሬዲዮ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በኋላም ሬዲዮ ሐርጌሳ ተባለ። በዓለም ጦርነት ወቅት ዜና የሚያነብ ሰው ስለ መሣሪያ፣ ስለ መንግሥታት ስምምነትና ስለ ኢኮኖሚ ሲናገር አድማጩ በጫት ቤትም በግመል ጉዞም ላይ ሆኖ እንዲረዳው ማድረግ ነበረበት። አድማጭ ቃሉን ሰምቶ ካልገባው ገልጦ የሚያየው መዝገበ ቃላት የለውም። በዚህም የተነሣ የሬዲዮ ሠራተኞቹ አዳዲስ ስያሜዎችን የሚያበጁት ከከብት እርባታው፣ ከድንኳኑና ከግጥሙ ቃላት እየወሰዱ ነበር። ይህ ልማድ ከ30 ዓመታት በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የያዙት ልማድ ሆነ።

3. ከ1972 በኋላ፦ ፊደል፣ ዘመቻና መጽሐፍ

የሶማሊያ ሪፐብሊክ በ1960 ከተመሠረተች በኋላ የፊደሉ ጥያቄ ለ12 ዓመታት ሳይፈታ ቆየ። በ1966 ዩኔስኮ የላከው የባለሙያዎች ቡድን የላቲን ፊደልን የሚደግፍ ሐሳብ አቀረበ። ከቡድኑ አባላት ሁለቱ ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዶች አልነበሩም፤ እስቴፋን ስትሬልሲንና ዦሴፍ ቱቢያና በግዕዝና በአማርኛ ጥናት የታወቁ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ የሶማልኛ ሊቅ የሆነው ቦጉሚል አንድሬየቭስኪ ነበር። ውሳኔው ይፋ የሆነው ጥቅምት 21 ቀን 1972 ሲሆን፣ የተመረጠውም በሺሬ ጃማ አሕመድ የተዘጋጀው የላቲን አጻጻፍ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቁሟል። ሁለቱ ጎረቤት ቋንቋዎች የዘመናዊ ስያሜ ሥራቸውን ተቋማዊ ያደረጉት በአንድ ዘመን ነበር።

ከዚያ የተከተለው ፍጥነት የሚደንቅ ነው። በ1973 የመንግሥት ሥራ በሶማልኛ መከናወን ጀመረ፤ ‹ሕዲግታ ኦክቶበር› የተባለው ጋዜጣም ታትሞ ወጣ። በ1974 እና 1975 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህራንና ተማሪዎች ለገጠር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተሰማሩ። ይህ በኢትዮጵያ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከታወጀበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ኢትዮጵያ በ1979 በጀመረችው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ሲሆን፣ ይጻፍ የነበረውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አንድ ቋንቋ በድንበር ወዲያና ወዲህ በሁለት ፊደላት ማንበብና መጻፍን አስተምሯል።

የመማሪያ መጻሕፍቱ ዝግጅት በሞቃዲሾ በትምህርት ሚኒስቴር የሥርዓተ ትምህርት ክፍል ይመራ ነበር። ሶማልኛ በአንደኛ ደረጃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። ለዚህም የአልጀብራ፣ የጂኦሜትሪ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ስያሜ በሙሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መበጀት ነበረበት። የብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ግን በአብዛኛው በጣልያንኛ፣ በላፎሌ የመምህራን ኮሌጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ጉድለት ነበረ፤ በሶማልኛ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ትምህርቱን የተማረው በሌላ ቋንቋ ነበር።

4. የስያሜዎቹ አሠራር

የሶማልኛ የሒሳብ ስያሜዎች በሦስት መንገድ ተገኝተዋል፤ ነባር ቃልን በአዲስ ትርጉም በመጠቀም፣ ቃላትን በማጣመርና በማርባት፣ እንዲሁም ከዐረብኛና ከአውሮፓ ቋንቋዎች በመዋስ። የትምህርቱ ስም ‹ሒሳብ› ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን አማርኛም ይጋራዋል። ከሥሩ ግን አብዛኛው ቃል አገር በቀል ነው።

‹ጀጀብ› የሚለውን እንመልከት። በሶማልኛ ‹ጀብ› ስብራትን ያመለክታል፤ መነሻው ተደግሞ ሲነገር ‹ጀጀብ› ስብርባሪ ይሆናል። በሒሳብ ክፍልፋይ ማለት ነው። አማርኛ ‹ከፈለ› ከሚለው ግስ ድምፆችን ደግሞ ‹ክፍልፋይ› እንዳለ፣ ሶማልኛም በራሱ የድግግሞሽ ሥርዓት ‹ጀጀብ› አለ። የዐረብኛውም ሆነ የላቲኑ አቻ ቃል ከመስበር የተገኘ ነው። ሁለቱ የአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ግን ብዛትን በድግግሞሽ የመግለጽ ችሎታቸውን ጨምረውበታል፤ ቃሉ ‹የተሰበረ› ብቻ ሳይሆን ‹ወደ ብዙ የተሰባበረ› መሆኑን በቅርጹ ይናገራል።

እኩልታ ‹ኢስሌኤግ› ይባላል። ‹ኢስ› እርስ በርስ፣ ‹ሌኤግ› በመጠን የተካከለ ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን ‹ሰዴሕ› ከሚለው የሦስት ቁጥርና ‹ሐገል› ከሚለው የማዕዘን ስም ተጣምሮ ‹ሰዴሕሐገል› ሆኗል። ተለዋዋጭ መጠን ‹ዶርሶሜ› ሲባል፣ የማይለወጠው ቋሚ ደግሞ አፍራሹን ቅጥያ ‹መ-› ጨምሮ ‹መዶርሶሜ› ይባላል። በዚህ ጥንድ ላይ የስያሜ አዘጋጆቹ ብልሃት ጎልቶ ይታያል። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች ዝምድና የሌላቸው ቃላት ናቸው። በሶማልኛ ግን ተማሪው አንዱን ካወቀ ሌላውን ከሰዋስው ያገኘዋል። ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች ላሉ ቁጥሮች የተመረጡት ‹ቶገን› እና ‹ተበን› በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ቤት መምታትን ከስንኙ መጀመሪያ ለሚጠብቅ የሶማልኛ ጆሮ ይህ ለማስታወስ የቀለለ ነው።

አንዳንዶቹ ስያሜዎች ሥዕል አዘል ናቸው። የሰንጠረዥ ዘንግ ‹ዲዲብ› ተብሏል፤ ‹ዲዲብ› መሬት ላይ የሚተከል ምሰሶ ነው። አቅጣጫና መጠን ያለው ብዛት፣ ማለትም ቬክተር፣ ‹ሌብ› ማለትም ፍላጻ ተብሏል። አማርኛ ‹ቬክተር› የሚለውን ቃል እንዳለ ወስዶታል። ፍላጻ ርዝመት አለው፣ ወደ አንድ አቅጣጫም ያመለክታል። ስለዚህ ሶማልኛ ተማሪ ትርጓሜው ከመነገሩ በፊት የግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሥዕል ግን ሊያሳስትም ይችላል። የቁጥር ርቢ ‹ጅባር› ይባላል፤ በራሱ የተባዛ ቁጥር ደግሞ ‹ለበ ጅባር› ነው። በዕለታዊ ንግግር ግን ‹ለበ ጅባር› ሁለት እጥፍ ማለትም ይሆናል። ዋጋው ‹ለበ ጅባር› ጨመረ ሲባል በራሱ ተባዛ ማለት አይደለም። የ5 ሁለት እጥፍ 10፣ የ5 ዳግም ርቢ ግን 25 ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ‹ርቢ› እና ‹ዘር› በማለት የእርባታንና የእርሻን ሥዕል ተጠቅሟል። ከ25 ወደ 5 መመለስ ወደ ዘሩ መመለስ ነው። ሶማልኛ ለዚሁ ‹ሒዲድ›፣ የተክል ሥር፣ ይላል። ሁለቱም ሥዕሎች ለ25 ይሠራሉ። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ዳግም ዘር ሲጠየቅ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ።

5. ኳተርኒየን፦ ስም የሰጠውም የተቸገረበት

ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ዳግም ዘር ያለው ታሪክ ስያሜ በመረዳት ላይ ምን ያህል እንደሚጫን ያሳያል። ዴካርት በ1637 እነዚህን ቁጥሮች ምናባዊ ብሎ ጠራቸው። ስሙ ጸና፤ ከስሙም ጋር ጥርጣሬው አብሮ ኖረ። ጋውስ በ1831 በዚህ ላይ ቅሬታውን ገልጿል፦ 1፣ ከዜሮ በታች ያለው 1 እና የዚህ የኋለኛው ዳግም ዘር ‹ቀጥታ፣ ተገላባጭና የጎን› አሃዶች ቢባሉ ኖሮ፣ ጉዳዩ ያን ያህል ጨለማ አይሆንም ነበር የሚል ነው። ችግሩ በላቲን ለሚያስቡት ሊቃውንትም ችግር ነበር፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ብቻ የሚጠየቁበት አይደለም።

አየርላንዳዊው ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን በልጅነቱ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ ፋርስኛና ሳንስክሪት ያጠና ሰው ነበር። ምናባዊ የተባሉትን ቁጥሮች የቁጥር ጥንዶች አድርጎ በመተርጎም በ1837 ያሳተመው ሥራ ምሥጢራዊነታቸውን ገፈፈ። ጥንድ ቁጥሮች በጠፍጣፋ ገጽ ላይ መዞርን ስለሚገልጹ፣ ሦስት ሦስት ቁጥሮች በጠፈር መዞርን ይገልጹ ይሆናል ብሎ ለዓመታት ደከመ። ኋላ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ እንዳስታወሰው፣ ልጆቹ በቁርስ ሰዓት ሦስቱን ማባዛት ቻልህ ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም መደመርና መቀነስ ብቻ እንደቻለ ይመልስ ነበር።

መፍትሔው የመጣለት ጥቅምት 16 ቀን 1843 ከባለቤቱ ጋር በዳብሊን የውኃ ቦይ ዳር ወደ አካዳሚው ስብሰባ ሲሄድ ነው። ሦስት ሳይሆን አራት ክፍል ያስፈልጋል፤ ደግሞም በማባዛት ጊዜ ቅደም ተከተል ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። ቀመሩን በብሩም ድልድይ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ምናባዊ አሃድ በሁለተኛው ሲባዛ ሦስተኛውን ይሰጣል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ሲባዛ ግን የሦስተኛውን ተቃራኒ። ፍሮቤኒየስ በ1878 እንዳረጋገጠው፣ የተለመዱት የማባዛትና የማካፈል ሕጎች ከቅደም ተከተሉ ሕግ በቀር ተጠብቀው ከቀጥተኛና ከጥንድ ቁጥሮች ሌላ ሊኖር የሚችለው ይህ ባለ አራት ክፍል ሥርዓት ብቻ ነው። የሃሚልተን የሦስትዮሽ ፍለጋ መጀመሪያውኑ ሊሳካ የሚችል አልነበረም።

ስያሜውን በተመለከተ ሃሚልተን ያደረገው በሞቃዲሾና በአዲስ አበባ የስያሜ አዘጋጆች ካደረጉት አይለይም። ‹ኳተርኒየን› ከላቲን የአራትነት ቃል የተገኘ ሲሆን ቀድሞ አራት ወታደሮች ያሉበትን የጥበቃ ቡድን ያመለክት ነበር። የቁጥሩን አንድ ክፍል በላቲን ከመሰላል ስም ወስዶ ‹ስኬለር›፣ ሦስቱን ክፍል ተሸካሚ ከሚል ቃል ወስዶ ‹ቬክተር› አለ። ነባር ቃላት በአዲስ ትርጉም ተሾሙ። ዛሬ ‹ሁለትዮሽ› እና ‹ሦስትዮሽ› የሚለው አማርኛ ኳተርኒየንን ‹አራትዮሽ ቁጥር› ለማለት የሚያግደው ነገር የለም፤ ሶማልኛም ‹አፈር› ከሚለው የአራት ቁጥር ተነሥቶ ማበጀት ይችላል። ቃሉ ግን የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው።

ለተማሪው የሚከብዱት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ በሌላ ዘንግ ዙሪያ ሩብ ዙር ማዞር፤ ከዚያም በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መድገም በቂ ማሳያ ነው። መጽሐፉ በሁለቱ ጊዜያት በተለያየ ሁኔታ ይቀመጣል። ለቋንቋ አጥኚ ደግሞ ማሳያው በአፉ ውስጥ አለ። ‹አላስበላውም› ሲባል ማድረግ ተክዷል፤ ‹እንዳይበላ አደረገው› ሲባል ግን ክህደት ተደርጓል። ክህደትና ማስደረግ የተባሉት ሁለት ክንዋኔዎች አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ይህን የሚናገር ሕፃን የቅደም ተከተልን ጠባይ ያውቀዋል፤ በቁጥር ላይ እንዲቀበለው ግን አልተነገረውም።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር አንድ ፍላጻ በጠፈር እንዲዞር ኳተርኒየኑ ከግራና ከቀኝ ሁለት ጊዜ መባዛቱ ነው፤ በግራ በኩል ራሱ፣ በቀኝ በኩል ግልባጩ፣ ማለትም ከእርሱ ጋር ሲባዛ አንድን የሚሰጠው ቁጥር። በዚህም ምክንያት የሚፈለገው መዞር በሁለቱ ወገን እኩል ይካፈላል። አማርኛ ‹መጣ› የሚለውን ለመካድ ‹አል-› እና ‹-ም› አድርጎ ግራና ቀኝ እንደሚያቅፈው ማለት ነው። ንጽጽሩ የመልክ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለዓይን ይረዳል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሥዕል የማይደርስበት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሙሉ ዙር ኳተርኒየኑን ወደ ተቃራኒው ይለውጠዋል፤ ወደ መነሻው የሚመለሰው ሁለት ሙሉ ዙር ሲሞላ ነው። እዚህ ላይ ‹ሌብ› የሚለው ቃል ያስገኘው ጥቅም ያበቃል። ፍላጻ ሙሉ ዙር ከዞረ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተማሪው የፍላጻውን ሥዕል ትቶ ሕጉን መከተል አለበት። በላቲን ‹ተሸካሚ› ብሎ የተማረውም ቢሆን ሥዕሉን መተው ነበረበት።

ይህ ረቂቅ ቁጥር ከዕለት ኑሮ የራቀ አይደለም። የኮምፒዩተር ሥዕል፣ የመንኮራኩር አቅጣጫና የተንቀሳቃሽ ስልክ አቀማመጥ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በኳተርኒየን ነው። በሐርጌሳ ገበያ ‹ዛድ› በተባለው አገልግሎት በስልኩ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ነጋዴም እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ ሊይዝ ይችላል።

6. ሶማልኛ ስለ ራሱ ያሰበው ረቂቅ ሐሳብ

ሶማልኛ ለእንዲህ ዓይነት ረቂቅ አስተሳሰብ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በታሪክ ተመልሷል። መልሱ የተገኘው ከግጥም ነው። የሶማሌ ገጣሚዎች በብዙ የግጥም ዓይነቶች ጥብቅ ምጣኔ ይጠብቃሉ። አንድ ስንኝ ምጣኔውን ሲስት አድማጩ ወዲያው ያውቃል፤ ሕጉ ምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ በግልጽ የነገረው አልነበረም። የውጭ ተመራማሪዎችም የአረብኛና የአውሮፓ ምጣኔ መለኪያ እየወሰዱ ሞክረው አልተሳካላቸውም።

የሐርጌሳው ገጣሚ መሐመድ ሐሺ ደማዕ ‹ጋርዬ› በ1976 በ‹ሕዲግታ ኦክቶበር› ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። የሚቆጠረው ቀለም ሳይሆን የአናባቢ ርዝመት መሆኑን፣ አጭር አናባቢ አንድ፣ ረጅም አናባቢ ሁለት ሆኖ እንደሚሰላ፣ ረጅሙ አናባቢ በስንኙ የት የት ቦታ ሊገባ እንደሚችል አሳየ። አብዱላሂ ዲሪዬ ጉሌድ ‹ዐራሌ›ም በዚሁ ዘመን በጉዳዩ ላይ የራሱን ጥናት አቅርቧል። በኋላ የመጡ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ ግኝት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ምርምር ሁለት ቁም ነገር አለው። አንደኛ፣ ጥብቅ የሆነ የቁጥር ሥርዓት በሶማልኛ ተደርሶበት፣ በሶማልኛ ተጽፎ፣ በዕለታዊ ጋዜጣ ለተራው አንባቢ ቀርቧል። ፊደሉ ከተወሰነ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። ሁለተኛ፣ አካሄዱ ረቂቅ ነገር እንዴት እንደሚታወቅ ያሳያል። ገጣሚው በመጀመሪያ ሕጉን በጆሮው ያዘ፤ በብዙ ልምምድም አጸናው፤ ስሙና ቀመሩ የመጡት በኋላ ነው። ሃሚልተንም ቀመሩን በድንጋይ ከመቅረጹ በፊት ጥንዶችንና ሦስትዮሾችን ለዓመታት ሲያባዛ ኖሯል። በትምህርት ቤት ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ስሙንና ትርጓሜውን አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ እጁን የሚያፍታታበት ጊዜ ሳያገኝም ምዕራፉ ያልፋል።

7. የተቋረጠው ክር

በ1988 በሰሜኑ ክፍል ጦርነቱ ሲፋፋም ሐርጌሳ በከባድ መሣሪያና በአየር ድብደባ ፈረሰች። ነዋሪዎቿ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ ብዙ ልጆችም በሐርተሼክና በአካባቢው በተቋቋሙ መጠለያዎች አደጉ። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ መጻሕፍቱን ያዘጋጅ የነበረው ተቋምም አብሮ ወደቀ። የስያሜ ሥራ መጽሐፍ ታትሞ ሲያልቅ የሚያበቃ አይደለም። ‹ለበ ጅባር› የሁለት እጥፍን ትርጉም እየሳበ እንደሚያሳስት የሚያስተውል፣ አስተውሎም በሚቀጥለው እትም የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ይህ የእርማት ዑደት ከ20 ዓመት ባነሰ ዕድሜው ተቆረጠ።

ሶማሌላንድ ትምህርቷን ከፍርስራሽ ስታነሣ ሶማልኛ በአንደኛ ደረጃ ቀጠለ። በሁለተኛ ደረጃ ግን እንግሊዝኛ ተመረጠ። ምርጫው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። መጽሐፍ በቅርብ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1998 በቦረማ የተከፈተው የአሙድ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ2000 የተመሠረተው የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን በእንግሊዝኛ ይጠብቃሉ። ወላጆችም እንግሊዝኛን የሥራና የውጭ ትምህርት በር አድርገው ያዩታል። የተተወው ነገር ግን ምን እንደሆነ በግልጽ መነገር ይኖርበታል። በ1970ዎቹ የተበጁት የአልጀብራና የቬክተር ስያሜዎች ዛሬ ተማሪው በሚደርስባቸው ክፍል አይነገሩም። ‹ዶርሶሜ› እና ‹መዶርሶሜ› የሚሠሩት ሥራ በብዛት በሚያስፈልግበት ጊዜ ከሰሌዳው ይጠፋሉ። መምህሩ በቃል ሲያብራራ የሚጠቀምበት ሶማልኛም በመጽሐፍ ስላልተደገፈ ከክፍል ክፍል ይለያያል።

በውጤቱም ተማሪው በሁለት ቋንቋ መካከል ይቆማል። በሶማልኛ የያዘው ዕውቀት ሥዕሉ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ሥዕሉን ትቶ ወደ ሕጉ እንዲሻገር የሚያግዘው ውይይት በዚያ ቋንቋ አልተደረገም። በእንግሊዝኛ የሚያገኘው ደግሞ ሕጉን ነው፤ ሕጉ የተነሣበት ሥዕል ግን በዚያ ቋንቋ የለውም። ‹ቬክተር› ለእርሱ ተሸካሚም ፍላጻም አይደለም፤ ለፈተና የሚሸመደድ ድምፅ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከሐርጌሳው ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ በአንድ ቋንቋ ረቂቅ ሒሳብ ማስተማር ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ስለ ቃላት ብዛት ብቻ ሲሆን አቅጣጫውን ይስታል። ሶማልኛ ቃላቱን በጥቂት ዓመታት አግኝቷል፤ አንዳንዶቹም ከአውሮፓዎቹ ይልቅ ግልጽ ናቸው። ምናባዊ የሚለውን ስም ለ200 ዓመታት የተሸከመው ላቲን በዚህ ረገድ የሚመካበት የለውም።

ሁለተኛው፣ ሥዕል አዘል ስያሜ ለጀማሪ በጎ ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሚያበቃበት ቦታ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። ‹ሌብ› እስከ የት ፍላጻ እንደሆነ፣ ‹ዘር› እና ‹ሒዲድ› ለየትኛው ቁጥር እንደማይበቅሉ ለተማሪው የሚነገረው ሥዕሉን በሰጠው ቋንቋ ሲሆን ይቀልለዋል። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚዘጋጁ የስያሜ መዝገቦች ከአቻ ቃሉ አጠገብ ይህን ወሰን ቢያመለክቱ፣ ከመዝገብነት አልፈው የመምህሩ መሣሪያ ይሆናሉ።

ሦስተኛው የቋንቋ ለውጡን ይመለከታል። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ለማስተማር የሚገፋው ምክንያት በሐርጌሳም፣ በጅግጅጋም፣ በባሕር ዳርም በቅርቡ የሚወገድ አይመስልም። ሆኖም መምህሩ በክፍል ውስጥ በቃል የሚሰጠው የአገር ቋንቋ ማብራሪያ በሁሉም ዘንድ አለ፤ የሚጎድለው በጽሑፍ መደገፉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ በየምዕራፉ መጀመሪያ በተማሪው ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት ገጾች ቢኖሩት፣ በሐርጌሳ በ1970ዎቹ የተበጁት ስያሜዎች በተፈጠሩበት ክፍል ውስጥ እንደገና ይሰማሉ። የ‹ጋርዬ› ጽሑፎች በጋዜጣ የወጡት ለሊቃውንት ብቻ አልነበረም። በማሕሙድ ሃይቤ ያለው የ9ኛ ክፍል ተማሪም አያቱ የግጥምን ምጣኔ በሰማበት ቋንቋ የቅደም ተከተልን ሕግ መስማት አይሳነውም።